ለአባት ሦስት ቀን ይበቃል? ስለ አራስ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ እናውራ

የጀሞው አባት
ኅዳር 13 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት። የወለደችው በኦፕሬሽን ነው። አሁን እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ፈጣሪ ይመስገን። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቀናኝም። ዛሬ ግን ልጅቷ ተኝታለች፣ እኔም ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ።

ነገሩ የአባትነት ፈቃድ ነው። የምሠራው በግል ድርጅት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን ይሰጣል። 30ው ከመውለዷ በፊት፣ 90ው ከወለደች በኋላ ነው። ለአባት ደግሞ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን። ከዚያ በፊት በነበረው በ377/1996 ለአባት የተባለ ፈቃድ ስላልነበረ ሦስቷም ቀን ጥሩ ጅምር ናት። ግን ሚስቱ በኦፕሬሽን ለወለደች ሰው ሦስት ቀን ማለት የሆስፒታል ቆይታ ማለት ነው። እሷን ወደ ቤት ታስገባለህ፣ በማግሥቱ ቢሮ ትገባለህ። እሷ ገና ከአልጋ የምትነሳው ሆዷን በእጇ ደግፋ ነው። ስታስል ያማታል፣ ስትስቅ ያማታል። ልጅ አንሺና አጥቢ ስትባል ደግሞ ብቻዋን ናት።

ድሮ የአራስ ቤት የሴቶች ነበር። እናት ከአገር ቤት ትመጣለች፣ እህት አለች፣ ጎረቤት ገንፎ ታገነፋለች። አባት ደጅ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል፣ የሚታረደውን ይገዛል። ያ ሥርዓት ጥሩ ነበር፣ ለእናት ትልቅ ክብር ያለው ሥርዓት ነው። ግን የቆመው በሰው ነበር። አሁን እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ነን። የባለቤቴ እናት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ናቸው። አጥሚቱን፣ ቅቤውን፣ ሁሉን አዘጋጅተው ከጨረሱ ቆይተዋል። መንገዱ ግን ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ እኛም ደፍረን ይምጡ ማለት አልቻልንም። በፊት ዜና የማየው ማን ምን አለ፣ ማን ምን መለሰ ብዬ ነበር። አሁን ስልኬን ስከፍት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን መኪና ያልፋል ወይ? አንዲት አያት የልጅ ልጇን ለማየት የአባይን በረሃ መሻገር አቅቷት መቀመጧ ለእኔ ከየትኛውም መግለጫ ይበልጣል።

ሌላውም ዜና እንዲሁ ሆኖብኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ እንከራከር ነበር። ያኔ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ክርክሩን ረስቼዋለሁ፣ ዳይፐር ስገዛ ግን አይረሳም። ባለፈው ሐምሌ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ለእኔ የተረፈው በወር ጥቂት መቶ ብር ነው። እሱም ቢሆን አልጠላሁትም፣ ለልጅቷ ሳሙና ሆኗል። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ሲመረቅ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል ገና ተማሪ ነበርኩ፣ ቤተሰቦቼ ቦንድ ሲገዙ ትዝ ይለኛል። 5,150 ሜጋ ዋት! የምር ደስ ብሎኛል። እኛ ሕንፃ ላይ መብራት ሲጠፋ የውሃ ፓምፑ ይቆማል፣ አራተኛ ፎቅ ጠብታ አይደርስም። ስለዚህ መብራት ለእኔ የልጄ ንጽሕና ጉዳይ ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ተነስቼ ሮቶውን፣ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን እሞላለሁ። ዳይፐር የምንጠቀመው ለማታ ብቻ ነው፣ ቀን ቀን የሽንት ጨርቅ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ አለበለዚያ ቆሻሻው ይያያዛል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸዋለሁ። ሳሙናው ጨርቁ ላይ ከቀረ ቆዳዋ ቀይ ስለሚሆን ውሃው ጥርት እስኪል አጠራዋለሁ። በረንዳ ላይ ፀሐይ በደንብ ሲያገኘው ይደርቃል። ይህን ሳሰጣ አንዲት ደግ ጎረቤታችን አይታኝ «ምነው፣ ሰው የላችሁም እንዴ?» አለችኝ። አዝናልኝ ነው። አለን እኮ፣ እኔ አለሁ አልኳት።

ሥራ ቦታም «የወለደችው ሚስትህ ናት፣ አንተ ምን ሆነህ ነው የደከመህ?» የሚል አጋጥሞኛል። በክፋት አይመስለኝም። አባት ማለት ወጪ የሚሸፍን እንጂ ቤት ውስጥ የሚፈለግ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ስለሌለ ነው። እኔ የማምነው ይህ መቀየር እንዳለበት ነው። ልጅቷን ማቀፍ፣ ማስገሳት፣ ስታለቅስ ለምን እንደሆነ ማወቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚለመድ ነገር ነው። ያን ጊዜ ቢሮ ያሳለፈ አባት በኋላም እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

እናንተስ? ምን ያህል ፈቃድ አገኛችሁ? ማን አገዛችሁ? ሕጉ ይቀየር ትላላችሁ?

የመዝገብ ቤቱ ሰው
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4:15

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ሲወለድ በአዋጅ 1064/2010 መሠረት 10 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር አግኝቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር ሁለት ሳምንት ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለውጥ አለው። ግን ቀኑ ብቻውን አይበቃም። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ፈቃዱን ወስዶ የጀመረውን ቤት ጣሪያ ሲያስመታ የከረመ አለ። አንዳንዱ እንግዳ ሲሸኝ ነው የሚያልቅበት።

ሳትዘናጋ ደግሞ የልደት ምዝገባውን ጨርስ። በ90 ቀን ውስጥ ነው። ከሆስፒታል የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት እንዳትጥሉት፣ ወረዳ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

የአራት ልጆች እናት
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4:50

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። ለሚስትህም ማርያም ጭንሽን ታሙቀው በልልኝ። በእኛ ጊዜ እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነበር። ለልጅህ ሰባት በሉላት።

የጻፍከውን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፣ እኔ እየነገርኳት ነው የምትጽፈው። እኔ አራቱንም የወለድኩት እናቴ ባለችበት ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ወታደር ነበር። ሁለተኛውን ልጁን ያየው መራመድ ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ ሲያየው ቀሚሴ ሥር ተደበቀ። ያን ቀን የአባቱ ዓይን እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ አንተ የሽንት ጨርቅ አጠብኩ ብለህ አንገትህን አትድፋ፣ እሰየው ነው።

አማትህ እስኪመጡ አጥሚቱን አንተ ሥራላት። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው። ከዚያ የፈላው ውሃ ላይ እያማሰልክ ጨምረው። ዱቄቱን በደረቁ የፈላ ውሃ ላይ ከበተንከው ይጓጉላል፣ ከዚያ ምንም ብታደርገው አይስተካከልም። በደንብ ይንተክተክ፣ ጥሬ ዱቄት ሆድ ይነፋል። ሲወርድ ማር አድርግበት። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ቀጠን አድርገህ አውርደው። በቀን ደጋግመህ ስጣት፣ ወተቷ እሱ ነው።

ሕፃኗንም ትንሽ ለጋ ቅቤ አልሷት፣ አንጀቷን ያለሰልስላታል።

ሲስተር ከጎንደር
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 5:05

እማማ፣ ስለ አጥሚቱ የተናገሩት ወርቅ ነው። እኔም ወላዶቼን ፈሳሽ አብዙ እያልኩ ነው የምውለው። ቅቤውን ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሕፃኗ አይሰጥ። እስከ ስድስት ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻ ይበቃታል። ውሃም፣ የስኳር ውሃም፣ ቅቤም አያስፈልግም። የሕፃን ጉሮሮ ገና ስለሆነ ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ማርም ቢሆን ለእናቷ እንጂ ለልጅቷ አንድ ዓመት ሳይሞላት አይሆንም። እንገሩን ደግሞ እንዳትጥሉባት፣ ያ ቢጫው ወተት የመጀመሪያ ክትባቷ ነው ማለት ይቻላል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ስለ ሦስቱ ቀን የምለው አለኝ። ከወሊድ በኋላ ክትትል መደረግ ያለበት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከዚያ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከዚያ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በመጨረሻም በስድስተኛው ሳምንት ነው። አያችሁ፣ የአባት ፈቃድ የሚያልቀው ልክ ሁለተኛው ምርመራ ላይ ነው። ሦስተኛው ሲመጣ አባት ቢሮ ነው። ከዚያ እናቲቱ ቁስሏን ይዛ፣ ልጅ አቅፋ፣ ታክሲ ተጋፍታ ትመጣለች። ወይ ትቀራለች። ብዙዎቹ ይቀራሉ፣ በየቀኑ የማየው ነው።

አባቶች የሚከተሉትን ብታውቁ ሕይወት ታተርፋላችሁ። እናት ላይ ደም ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ የኦፕሬሽኑ ቁስል ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሕፃን ላይ ደግሞ ጡት አልጠባም ካለች፣ ከፈዘዘች፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ ሰውነቷ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እትብቷ አካባቢ ከቀላ፣ እጅና እግሯ ድረስ ቢጫ ከሆነች ወዲያውኑ ውሰዷት። እናት ሌሊት ደክሟት ተኝታ ይህን የሚያይ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ለእኔ የአባትነት ፈቃድ ማለት ይህ ነው።

ክትባቱን አትርሱ። ስትወለድ ካገኘችው ቀጥሎ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው።

ብረታ ብረት ወርክሾፕ
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 1:30

እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ግን ከሌላኛው ወገን ልናገር።

አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። በርና መስኮት እንሠራለን፣ ጥቂት ሠራተኞች ናቸው ያሉኝ። የእናት ፈቃድ ሆነ የአባት ፈቃድ፣ በእኛ አገር ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። መንግሥት አይከፍልም፣ ኢንሹራንስ የለም። ለጡረታ በእያንዳንዱ ሠራተኛ 11 ከመቶ እከፍላለሁ፣ ሠራተኛው 7 ይከፍላል። ኪራዩ ጨምሯል፣ ላሜራው ከውጭ ስለሚመጣ ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። አንድ ብየዳ የሚችል ልጅ ሁለት ሳምንት ከቀረብኝ የተቀበልኩት ሥራ በቀኑ አይደርስም፣ ቀብዱን መልስ እባላለሁ።

ልጆቼን የማልወድ፣ የሰው ቤት የማይገባኝ ሰው ሆኜ አይደለም። አዋጅ ወጥቶ 10 ቀን ስጡ ቢባል ትልቁ ድርጅት ይችለዋል። እንደኔ ያለው ግን ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሚስቱ ልትወልድ የደረሰችን ሰው አይቀጥርም። ሴቶቹ ላይ የሆነውን አይተነዋል። ስለዚህ ቀኑን ከመጨመራችሁ በፊት ማን ይክፈል የሚለውን መልሱ።

ከስቶክሆልም
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3:10

የወርክሾፑ ወንድሜ ያነሳው ዋናው ነጥብ ነው። እዚህ ስዊድን አሠሪው አይከፍልም። የሚከፈለው ከማኅበራዊ ዋስትናው ነው። አሠሪዎች ሁሉ መዋጮ ያስገባሉ፣ ስለዚህ አባት የቀጠረም ያልቀጠረም እኩል ነው የሚከፍለው። ያ ነው ቀጣሪው አባቶችን እንዳይፈራ ያደረገው።

ለአንድ ልጅ ለሁለት ወላጆች 480 ቀን አለ። ከዚህ ውስጥ 90 ቀን ለእናት፣ 90 ቀን ለአባት ብቻ የተያዘ ነው። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል፣ ለእናቲቱ አይተላለፍም። ከእሱ ሌላ ልጅ ሲወለድ ለአባት 10 ቀን አለ። ይህም ባንድ ቀን የመጣ አይደለም። ለሁለቱም ወላጆች የሆነው ፈቃድ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አባት ቀኑን ለእናት መስጠት ይችል ነበር፣ አብዛኛው አባትም ሰጠ። በ1995 አንድ ወር የግድ ለየአንዳንዱ ይሁን ተባለ። በ2002 ሁለተኛ ወር፣ በ2016 ሦስተኛ ወር ተጨመረ። ዛሬ የሥራ ቀን ላይ መናፈሻ ብትሄዱ ጋሪ የሚገፉ አባቶች ሞልተዋል። የእኛ አገር ልጆችም አሉበት፣ እኔም አንዱ ነኝ። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ወላጅ ከቀኑ የተወሰነውን ለአያት መስጠት ይችላል። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ።

የስዊድንን እንገልብጥ እያልኩ አይደለም፣ አቅሙም የለም። ግን ጡረታ በመዋጮ የሚሠራ ከሆነ የወሊድ ፈቃድም በትንሽ መዋጮ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 7:20

አሜሪካን ለምሳሌ አትውሰዷት። የፌዴራሉ ሕግ 12 ሳምንት ይላል፣ ያለ ክፍያ ነው። ያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ላለው ድርጅት። ኪራይ ያለበት ሰው ያለ ክፍያ 12 ሳምንት ከየት ያመጣል? እኔ ልጄ በተወለደ ሳምንት ነው ወደ ፓርኪንግ ሥራዬ የተመለስኩት። እዚሁ ጎን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚሠሩ ጓደኞቼ ግን የሚከፈልበት 12 ሳምንት ያገኛሉ፣ ከተማው ከአሠሪዎች ከሚሰበስበው መዋጮ ነው የሚከፍለው። ከስቶክሆልም የጻፈው ሰው ያለው ትክክል ነው፣ ዋናው ማን ይክፈል የሚለው ነው።

ኢሞ ላይ ያለ አባት
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ ዱባይ ነኝ። ቤተሰቤ ሐይቅ ነው። እዚህ ሕጉ ለአባት አምስት የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ግን በአምስት ቀን ወሎ ደርሶ መመለስ፣ ለዚያውም የትኬቱን ብር ከየት አምጥቼ? ልጄ ሲወለድ በኢሞ ነው ያየሁት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፊቱ ቆሞ ይቀር ነበር። ሰባተኛ ቀኑ ላይ የአቂቃውን በግ ብር ልኬ ታላቅ ወንድሜ አረደልኝ። ስሙን በጆሮው ያሰማልኝም አባቴ ነው።

የጀሞው አባት፣ እኔ የምልህ፣ የምታጥበው ጨርቅ ለእኔ ምኞት ነው። ወደ አገር ቤት ስመለስ ሥራ አገኛለሁ ወይ፣ በደመወዙ ቤተሰብ ይተዳደራል ወይ እያልኩ ነው ዜና የማነበው። ስለ ፈቃድ ስታወሩ እኛንም አስቡን። ልጅ አጠገብ ለመሆን መጀመሪያ አገር ውስጥ የሚያኖር ሥራ ያስፈልጋል።

ቢሮ የተመለሰች እናት
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3:30

ወንድሞቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ስድስት ወር ጡት ብቻ ይባላል። ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የቀሩትን ሦስት ወራት እናት ምን ታድርግ? እኔ ወተቴን የማልበው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፣ በሩን በወንበር ደግፌ። ማቀዝቀዣ ስለሌለ ከአራት ሰዓት በላይ አላቆየውም፣ ስለዚህ ባለቤቴ በምሳ ሰዓት በሞተር መጥቶ ይወስደዋል። ጡቴ ሞልቶ ስብሰባ ላይ ቁጭ ያልኩባቸውን ቀናት ወንዶች አይገባችሁም። የሕፃናት ማቆያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ የእኛው የለውም። ስለዚህ ሕጉ ይቀየር ከተባለ መጀመሪያ የእናት ቀን ይርዘም እላለሁ። የአባት ቀጥሎ ይምጣ።

ባለቤቴ ሦስቱን ቀን ከዓመት ፈቃዱ ጋር አያይዞ ወስዶ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የለመደው ነገር ነው ዛሬ ሥራ እንድገባ ያስቻለኝ። ልጁ ሲነጫነጭ እኔ ጋ አይደውልም። ረሃብ ይሁን እንቅልፍ፣ ጋዝ ይሁን ራሱ ያውቀዋል። ሌሊት እሱ ያነሳዋል፣ ይቀይረዋል፣ አጠገቤ ያስተኛልኛል፣ አጠባለሁ፣ ከዚያ እሱ ያስገሳዋል። የጀሞው አባት ያልከው እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያልለመደ በኋላ ይፈራል።

ብረታ ብረት ወርክሾፕ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:00

እህቴ፣ የዓመት ፈቃዱን ማያያዙ ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀድሞ ከነገረኝ እኔም ፈቃዱን አመቻቻለሁ። የሚያስቸግረኝ ድንገት ሲሆን ነው። ዘጠኝ ወር እኮ አለ፣ ሠራተኛው ግን የሚነግረኝ ምጥ ሲጀምራት ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሰው
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:25

ያ ትክክል ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ልንገራችሁ። በ1156 መሠረት የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ከባድ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን መጠየቅ ይቻላል፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ። ሌላው፣ ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው። የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በኅብረት ስምምነት ከዚያ በላይ መስማማት ይችላሉ። ሦስት ቀን የሚለውን 10 ለማድረግ ፓርላማ መጠበቅ አያስፈልግም። ድርጅታችሁ ውስጥ ማኅበር ካለ ጥያቄውን ያቅርብ።

የጀሞው አባት
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። የዱባዩ ወንድማችን የጻፈው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ወንድሜ፣ አላህ በሰላም ወደ ልጅህ ይመልስህ።

እማማ፣ አጥሚቱን ልክ እንደነገሩኝ ሠራሁት፣ አልጓጎለም። ቅቤውን ግን ሲስተር እንዳለችው ትተነዋል፣ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። ሲስተር፣ የጻፍሽውን የአደጋ ምልክት ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰኞ የልጅቷና የእናቷ ቀጠሮ ነው፣ የዓመት ፈቃድ ሞልቼ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ቢሮ የተመለሰችው እህቴ፣ የእናት ቀን ይቅደም ያልሽውን እቀበላለሁ። ባለቤቴም ያንኑ ነው ያለችኝ። ግን አንዱ እስኪሆን ሌላው ይቆይ ባንል ደስ ይለኛል። እናት ስትመለስ ልጅ የሚይዝ አባት ካልለመደ የእሷም ቀን ቢረዝም ሸክሙ ያው በእሷ ላይ ነው።

እኛ ድርጅት ማኅበር አለ። ዛሬ ሊቀመንበሩን አነጋገርኩት። የኅብረት ስምምነቱ የሚታደስበት ጊዜ ተቃርቧል፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አምጣ ብሎኛል። ልጠይቅ ያሰብኩት ይህን ነው። አንደኛ ለአባት 10 የሥራ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከወለደች ጀምሮ ባለው ስድስት ሳምንት ውስጥ ተከፋፍሎ የሚወሰድ፣ እንዲህ ከሆነ ለክትትል ቀጠሮዎቹም ይደርሳል። ሁለተኛ ሠራተኛው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ይህ ከወርክሾፑ ወንድማችን የወሰድኩት ነው። ሦስተኛ ለሚያጠቡ እናቶች ቁልፍ ያለው ክፍልና አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ረቂቁን ስጨርስ እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ አርሙልኝ።

ብረታ ብረት ወርክሾፕ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3:50

ለጥፈው፣ እኔም ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ። ተከፋፍሎ ይወሰድ ያልከው ለእኔም ይሻለኛል፣ ሥራ ቀለል የሚልበትን ቀን መርጠን እንስማማለን። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ባለኝ አቅም አምስት ቀን እፈርማለሁ። 10 የምፈርመው ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን የነገረን መዋጮ የመጣ ቀን ነው።